ላፕቶፕ ውስጥ የገባ ሜሞሪ ካርድ እንዴት ይወጣል?

ከስልክ የወጣች ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ያለ አዳፕተር (ትንሿን ካርድ የሚይዝ፣ በትልቁ ካርድ ልክ የተሠራ መያዣ) ላፕቶፑ ጎን ወዳለው ቀዳዳ ትገባለች፤ ጣት ተከትሎ ይገፋታል፤ «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ሳይሰማ ካርዷ ትሰወራለች። አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ለሚኖር ሰው ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ጠጋኝ ፍለጋ መገናኛ ወይም ፒያሳ ድረስ መሄድ፣ የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ፣ የሥራ ቀን ማባከን ይመጣል። ሆኖም ካርዷ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ጠረጴዛ ላይ ልትወጣ ትችላለች።

የልጅ ክርስትና፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የአያት ፎቶ ካርዷ ስለተሰወረች አልጠፋም። ሜሞሪ ካርድ ያለ ኤሌክትሪክ መረጃ ይይዛል፤ ላፕቶፑ ውስጥ ሳምንት ብትሰነብትም ፎቶው እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ የሚያጣድፍ ነገር የለም። ካርድም ላፕቶፕም የሚጎዳው በጥድፊያ ነው፤ በመርፌ ሲጎረጎር፣ እንደበራ ሲገለባበጥ፣ ሌላ ካርድ አስገብቶ የመጀመሪያዋን ለመግፋት ሲሞከር። ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል፤ በሕይወት የሌለች አያት ፎቶ አይተካም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለካርዷ ቅድሚያ ይሰጣል።

ካርዷ የት ትሄዳለች?

የላፕቶፑ ቀዳዳ የተሠራው ለትልቁ ኤስዲ ካርድ ነው፤ ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.1 ሚሊ ሜትር። ማይክሮ ኤስዲ ግን 11 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 15 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ አላት። ከቀዳዳው ስፋት ግማሹን እንኳ ስለማትሞላ ቀጥ አድርጎ የሚይዛት ነገር የለም። ከሁለት ቦታ በአንዱ ትገኛለች። ወይ ከቀዳዳው ውስጥ ባለው የካርድ ማንበቢያ በስስ የብረት ጥርሶች መካከል ተቀርቅራለች፤ ወይ በማንበቢያውና በላፕቶፑ ሽፋን መካከል ባለው ክፍተት ሾልካ ማዘር ቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) አጠገብ ወድቃለች። በቆዩ ላፕቶፖች ላይ በዲቪዲ ማጫወቻው ጠርዝ በኩልም ልትገባ ትችላለች። የት እንዳለች ሳያውቁ ምንም አያስገቡ።

በመጀመሪያ ያጥፉ

የተከፈተውን ሥራ ያስቀምጡና ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። ክዳኑን መዝጋት ብቻውን ማጥፋት አይደለም፤ ላፕቶፑ ቢተኛም ማዘር ቦርዱ ኃይል ያገኛል። የካርዷ የብረት መገናኛዎች ኃይል ያለው ቦርድ ላይ ቢያርፉ ሁለቱንም ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ቻርጀሩን ይንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ያውጡት። የሱፍ ሹራብ ከለበሱ ያውልቁ፤ በበጋ ደረቅ አየር ሱፍ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። የመስኮቱን ብረት ነካ አድርገው ሥራውን ይጀምሩ።

ይህን ሁሉ ቀን፣ መስኮት አጠገብ ያድርጉት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ማታ ላፕቶፕ ፈትቶ ብሎን ማጣት ቀላል ነው።

ሳይፈቱ ማውጣት

የስልክዎን መብራት ከቀዳዳው ጋር አስተካክለው በአንድ ዓይን ይመልከቱ። የካርዷ ጀርባ ከታየ ማንበቢያው ውስጥ ናት፤ ዕድልዎ ጥሩ ነው። በኋላ ጠርዟ ላይ ለጥፍር የተሠራ ትንሽ እብጠት አለ። ይህ እብጠት ለቀዳዳው አፍ ቅርብ ከሆነ የቅንድብ ወረንጦ ይበቃል። ካርዷን ከግራና ከቀኝ ጠርዟ ይያዙ፤ ከላይና ከታች ለመያዝ ቀዳዳው ቦታ የለውም።

ጠለቅ ካለች በሁለቱም በኩል የሚጣበቅ ፕላስተር ያስፈልጋል። አዲስ ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ የሚገኘው ግልጽ ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ስስ ነው፣ አይታጠፍም። ከእርሱ ከካርዷ ትንሽ የሚጠብ፣ የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ይቁረጡ። ጫፉ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ፕላስተር ይለጥፉ፤ ከጠርዙ የተረፈውን በመቀስ ያስተካክሉ፤ የተረፈ ፕላስተር የማንበቢያውን ጥርስ ይዞ ያጣምማል። የሚጣበቀውን ፊት ወደ ካርዷ አዙረው በላይዋ ያንሸራትቱ። ከዚያም ሌላ ባዶ የፕላስቲክ ቁራጭ ከበላዩ አስገብተው ካርዷ ላይ ይጫኑት፤ ሃያ ሰከንድ ያህል ያቆዩት። ባዶውን መጀመሪያ ያውጡ፤ የተለጠፈውን ቀጥ አድርገው በዝግታ ይሳቡ። ከያዘ አይታገሉ። ትንሽ ወደ ውስጥ መልሰው፣ ወደ ጎን ነካ አድርገው እንደገና ይሳቡ። ጥርሶቹ በጣም ስስ ስለሆኑ ጉልበት አይችሉም።

በፕላስተር ፋንታ ፈጣን ሙጫ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ። በፍጹም አይጠቀሙ፤ ሙጫው ፈሶ ካርዷን ከማንበቢያው ጋር አንድ ያደርጋታል። በአፍ መንፋትም ሆነ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን መጠቀም አይመከርም።

ካርዷ ጨርሶ ካልታየች ያጠፉትን ላፕቶፕ ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን ያዙሩት፤ ሥር ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ በመዳፍዎ ጀርባውን በለስላሳው መታ መታ ያድርጉ። ጆሮዎን ያቅርቡ። የምትንኳኳ ከሆነ በየትኛው ማዕዘን እንደሆነች ድምፁ ይነግርዎታል። በዚያው ቀዳዳ ካልወጣች ግን መነቅነቁን ይተዉ፤ ወደ ማራገቢያው ልትገባ ትችላለች።

መፍታት ግድ ሲሆን

ላፕቶፑ የዲቪዲ ማጫወቻ ካለው ከእርሱ ይጀምሩ። በብዙ ሞዴሎች ማጫወቻውን የሚይዘው ከሥር ያለ አንድ ብሎን ነው፤ ያንን ፈትተው ወደ ጎን ሲስቡት ይወጣል። በተከፈተው ቦታ መብራት አስገብተው ቢመለከቱ ካርዷ እዚያው ተኝታ ሊያገኟት ይችላሉ።

ካልሆነ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይያዙ። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ የብዙ ሞዴሎቻቸውን የአፈታት መመሪያ በነጻ ያቀርባሉ፤ የሞዴሉ ስም ላፕቶፑ ሥር ተጽፏል። መመሪያውን በስልክዎ ያውርዱና ከፊትዎ ያኑሩ። ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ይሳሉ፤ የፈቱትን እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ በፕላስተር ይለጥፉት። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን ባጭሩ ቦታ ማሰር ከላይ ያለውን ሽፋን ወይም ቦርዱን ይበሳል። ከላስቲክ እግሮቹ ሥር የተደበቁ ብሎኖችም አሉ። ሽፋኑ አልነሳም ካለ ብሎን ቀርቷል ማለት ነው፤ አያስገድዱት። ጠርዙን ለማላቀቅ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ከብረት ይሻላል።

ሽፋኑ እንደተነሳ መጀመሪያ የባትሪውን ማገናኛ ይንቀሉ። ባትሪው አብጦ ካዩ ግን እዚያው ያቁሙ፤ ለባለሙያ ይስጡት። ካርዷ ጥቁር፣ ክፍሎቹም ጥቁር ስለሆኑ መብራቱን ከጎን ያብሩ፤ ወርቃማ መገናኛዎቿ ያብለጨልጫሉ። ማራገቢያውን በጣት አዙረው ይመልከቱ።

ማክቡክና በሙጫ የታሸጉ ስስ ላፕቶፖች ቤት ውስጥ ባይፈቱ እመርጣለሁ። ማክቡክ ባለ አምስት ጫፍ ልዩ ካቻቢቴ ይፈልጋል። ወደ ጠጋኝ ሲሄዱ ላፕቶፑን ጉልበትዎ ላይ አጋድመው ይያዙ፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ከቦርሳ ጋር ሲንገጫገጭ ካርዷ ይበልጥ ትርቃለች። ጠጋኙ መጀመሪያ የሚያደርገው ማብራት ስለሆነ ገና ከመስጠትዎ በፊት «ሜሞሪ ካርድ ገብቶበታል፣ አይብራ» ይበሉት። ፊትዎ እንዲፈታውም ይጠይቁ። ካርዷ ላይ ያለው የቤተሰብ ገመና ነው፤ ጥሎ ማደር ተገቢ አይደለም።

ካርዷ ከወጣች በኋላ

መገናኛዎቿን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በስልክ ወይም በዩኤስቢ ካርድ ማንበቢያ ይሞክሯት። ከተነበበች ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ፎቶዎቹን ወደ ሁለተኛ ቦታ ይገልብጡ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ ይበሉ፤ አዲስ ፎቶም አያንሱባት። ፎቶሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ፎቶ ፈልጎ ማውጣት ይችላል፤ ሬኩቫም እንዲሁ። የተገኘውን ግን ካርዷ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።

ቀዳዳው ዳግም ካርድ እንዳይውጥ ባዶውን አዳፕተር እዚያው ሰክተው ይተዉት። አፉን ይዘጋል፣ አቧራም ይከላከላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማይክሮ ኤስዲ ለማስገባት የሚመጣ የቤተሰብ አባልም መጀመሪያ እርሱን ማውጣት ይኖርበታል።