ሲሞቅ የሚጠፋ ቶዮታ ፒክአፕ፦ ችግሩ የሞተር ኮምፒውተሩ ግራውንድ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው መስመር) ነበር

22አርኢ ሞተር ያለው አሮጌ ፒክአፕ ይነሳና ሲሞቅ ይጠፋል። የነዳጅ ፓምፕና የኢኤፍአይ (የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ) ሪሌ መቀየር አልፈየደም። የኮምፒውተሩን መስመሮች በሽቦ ቀለም መገመትም አሳሳተ፤ የሚታመነው የፒኑ (የሶኬቱ እግር) ስም ነው።

የኮምፒውተሩ ሶኬት ሳይነቀል፣ ከጀርባው ቀጭን መርፌ ገብቶ በዲጂታል መልቲሜትር ተለካ። ቁልፍ በርቶ የኃይል ፒኖቹ ፕላስ ቢ እና ባት 12 ቮልት አካባቢ፣ ለሴንሰሮች ኃይል የሚሰጠው ቪሲ ከሴንሰሮቹ ግራውንድ ኢ2 ጋር 5 ቮልት ሰጡ። ባለ አምፖል መፈተሻ እዚህ በፍጹም አይነካ፤ የሚስበው ከረንት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ኦም የሚለካውም ባትሪው ተነቅሎ ብቻ ነው።

ፍንጩ የተገኘው ሞተሩ እየሠራ በኢ1 (በኮምፒውተሩ ግራውንድ ፒን) እና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ሲለካ ነው፦ 0.9 ቮልት! ከ0.1 ባይበልጥ ነበር ደግ። ኢንቴክ ማኒፎልዱ ላይ ያለው የግራውንድ ብሎን ዝጓል። ተፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲጠብቅ 0.03 ሆነ፤ መጥፋቱም ቆመ።