ለአሮጌ ላዳ የኋላ ስታቢላይዘር መግጠም

እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት 124 ተወርሳ መመረት የጀመረችው ላዳ ከፊት ስታቢላይዘር (የግራና የቀኝ ጎማን ወገን አያይዞ በመታጠፊያ ላይ ማጋደልን የሚቀንስ የብረት ዘንግ) አላት፤ ከኋላ ግን አክስሏን የሚይዙት ሁለት ሞላዎች፣ አራት የቁመት ዘንጎችና አንድ አግዳሚ ዘንግ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ በየመታጠፊያው ታጋድላለች፤ አፍንጫዋም መሪው ካዘዛት መስመር ወደ ውጭ ይወጣል። የኋላ ስታቢላይዘር ይህን ያቃልላል፤ ሆኖም የኋላ ጎማዎች መሬት የሚይዙበትን አቅም ስለሚቀንስ ውፍረቱ በጥንቃቄ ይመረጥ። የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ከ14 ሚሊ ሜትር ወደ 16 መሸጋገር ብቻውን 70 በመቶ ያህል ያጠነክረዋል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ኋላዋ የሚያመልጥ መኪና ከምታጋድል የባሰች ናትና በቀጭኑ መጀመር ይሻላል።

ያገለገለ ዘንግ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገዛ ሰው ዝገቱን ፍቆ ስንጥቅና የብየዳ ጠባሳ አለመኖሩን ያረጋግጥ። ዘንጉ የሞላ ብረት በመሆኑ እሳት የነካው ቦታ ጠባዩ ተለውጦ ውሎ አድሮ ይሰበራል፤ «ትንሽ አሙቀን እናጥፈዋለን» የሚል በያጅ ሲያጋጥም አመስግኖ መሄድ ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ብዙ ግቢዎች ወለላቸው መረሬ አፈር ስለሆነ፣ ክሪኩና የብረት መደገፊያው እንዳይሰምጡ ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ስለሚፈረካከስ በእርሱ ከተደገፈ መኪና ሥር መግባት አይገባም።

የዘንጉ መካከል በአክስሉ ቱቦ ላይ በቅንፍ ብሎኖች ይታሰራል፤ ሁለቱ ጫፎች በአጫጭር ማያያዣዎች ከአካሉ ጋር ይገናኛሉ። በአክስሉ ላይ የተዘረጋው ቀጭን የፍሬን ቱቦ በቅንፉ ሥር እንዳይጨፈለቅ፣ የኋላ ፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያው ዘንግም እንዳይታገድ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል። ማያያዣው የሚያርፍበት ላሜራ የበሰበሰ ከሆነ ሥራው እዚያው ይቁም፤ ጤናማ ከሆነም ከጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይደረግበት። ጎሚኖቹን (ዘንጉ የሚያርፍባቸውን የላስቲክ ትራሶች) ተራ ግራሶ ስለሚያሳብጣቸው በሳሙና ውኃ ማስገባት ይመረጣል።

ብዙ መካኒኮች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ዳዶዎቹ ሁሉ በእጅ ብቻ ከገቡ በኋላ መኪናዋ ከመደገፊያው ትውረድና ደልዳላ ስሚንቶ ላይ በአራት ጎማዋ ትቁም፤ በእኔ ግቢ እንዲህ ያለ ቦታ ስለሌለ ጎረቤት ማደያ እየሄድሁ አስፈቅዳለሁ። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ የጠበቀ ጎሚን ክብደት ሲያርፍበት ተጣሞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። የመጨረሻው ማያያዣ ብሎን ያለ መዶሻና ያለ ፈልቃቂ ብረት በጣት ተገፍቶ መግባት አለበት። እምቢ ካለ ዘንጉ ከወዲሁ ተጠምዝዟል ማለት ነው፤ የማያያዣው ርዝመት ወይም የሮንዴላው ብዛት ይስተካከል፤ አለዚያ መኪናዋ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስትታጠፍ እኩል አትመልስም። ከዚያ በኋላ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎኖች (ደረጃ 8.8) እስከ 45 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ።

በመጨረሻም አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ከፍ ይደረግና ዘንጉ ከማርሚታው፣ ከፍሬን ጎማ ቱቦውና ከአግዳሚው ዘንግ ጋር አለመነካካቱ ይታይ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹን በድጋሚ መፈተሽ ግድ ነው፤ አዲስ ጎሚን ሲረግጥ ሁልጊዜ ትንሽ ይላላልና።