ቀኑን ሙሉ የማያስመርር ሴፍቲ ጫማ አመራረጥ

በግንባታ ሳይት፣ በጋራዥ፣ በብየዳ ቤት ወይም በመጋዘን የሚሠራ ሰው ሴፍቲ ጫማውን ከጠዋት እስከ ማታ ከእግሩ አያወልቅም። ጫማው ጣትን የሚጫን፣ ተረከዝን የሚልጥ ወይም እግርን የሚያቃጥል ሲሆን ሠራተኛው ምን እንደሚያደርግ ሳይት ላይ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ይጎትተዋል፣ የተረከዙን በኩል ረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ያደርገዋል፣ ፎርማኑ ዞር ሲል ደግሞ አውልቆ በሸራ ጫማው መሥራት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት የሥራ ጫማ ሲመረጥ ምቾት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ከመከላከያው አንዱ ክፍል እሱ ነው፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጫማ ደረጃው ምንም ያህል ከፍ ቢል ማንንም አያድንም።

ምርጫው የሚጀምረው ከሥራው ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ የተሠሩ ጫማዎች ምላሳቸው ላይ ወይም በውስጥ ጎናቸው አይኤስኦ 20345 የሚል ጽሑፍና ከእሱ ቀጥሎ የጫማውን ዓይነት የሚገልጽ ምልክት አላቸው። ይህ ቁጥር የሚያመለክተው ከፊት ያለው የጣት መከላከያ የ200 ጁል ምት፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ያህል ከፍታ የወደቀ 20 ኪሎ ግራም ክብደት፣ እንዲሁም አንድ ተኩል ቶን የሚጠጋ ጫና መቋቋም እንዳለበት ነው። ኤስ 1 የሚባለው ውኃ ለማያገኘው ሥራ ነው፤ ኤስ 1 ፒ በዚያ ላይ ሚስማር የሚከላከል ሶል አለው፤ ኤስ 2 ውኃ ቶሎ አያስገባም፤ ኤስ 3 እነዚህን ሁሉ አጣምሮ ጭቃ የሚቆነጥጥ ጥርሳም ሶል ይጨምራል፤ ኤስ 5 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ቦቲ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ጫማ ከሆነ የሚገኝበት ጽሑፍ ኤኤስቲኤም ኤፍ 2413 ነው። የእሱ የምት ፈተና 75 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 100 ጁል ያህል ስለሆነ ሁለቱን ደረጃዎች እንደ እኩል መቁጠር አይገባም።

ከሁሉም ከፍ ያለውን ምልክት መግዛት ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። በድሬዳዋ ሙቀት መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚደረድር ሰው ውኃ የማያስገባ ወፍራም ቆዳ ቢያደርግ ላቡ መውጫ ያጣና እግሩ ርሶ ይውላል፤ ለእሱ ኤስ 1 ፒ ይበቃዋል። በአዲስ አበባ ክረምት መሠረት ለሚቆፍር ሰው ግን ኤስ 3 ተገቢው ነው። ኮንክሪት ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ደግሞ የቆዳ ጫማ አይበቃውም፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚበላ ኬሚካል በመሆኑ ወደ ካልሲ ዘልቆ ከገባ ሕመሙ ሳይሰማ ቁስል ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ቦቲ ያስፈልገዋል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ግድ ይላል። ከኤስ 1 እስከ ኤስ 3 ያሉት ጫማዎች በሰውነት ላይ የሚጠራቀመውን የኤሌክትሪክ ሙል ወደ መሬት እንዲያሳልፉ የተሠሩ እንጂ ኤሌክትሪክን የሚያግዱ አይደሉም፤ የቆጣሪ ሳጥን የሚከፍት ሰው በእነሱ መተማመን የለበትም።

ሚስማር የሚከላከለው ንጣፍ ሁለት ዓይነት ነው። የብረቱ ቀጭን ሚስማርን በደንብ ያቆማል፤ ሆኖም ሶሉን ያደርቀዋል፣ እስከ ጫማው ጠርዝም አይደርስም። ከጠንካራ ክር የተሸመነው ንጣፍ ቀለል ያለና እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ሲሆን ውስጥ እግርን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ቀጭንና ሹል ሚስማር ላይ ግን ከብረቱ ያነሰ አቅም አለው። ከፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪት ከሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ፣ የተነቀለ ጣውላ ሚስማሩ ወደ ላይ እንደ ቆመ በሚጣልበት ሳይት የሚውል ሰው የብረቱን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ መሰላል የሚወጣና የሚወርድ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚመላለስ ሰው ደግሞ በተሸመነው ይገላገላል። የጣት መከላከያውም እንዲሁ ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር ይሠራል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ይቀልላል፣ በደጋ ጠዋት ቅዝቃዜን ወደ ጣት አያሳልፍም፤ ነገር ግን ወፈር ስለሚል ጫማው ከፊት ትልቅ መስሎ ይታያል። ብረቱ ከባድ ነገር ሲወድቅበት ታጥፎ ጣት ይቆርጣል የሚለው ወሬ ሰዎችን ከጫማው ሲያሸሽ ይታያል። ያንን ብረት የሚያጣምም ክብደት ባዶ እግር ላይ ቢወድቅ ጣቶቹን ይጨፈልቃቸው እንደነበር ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ፤ ብዙው ስቃይ የሚመጣው ከዚህ ነው። እግር በቆምንበትና በሄድንበት መጠን ስለሚያብጥ ጫማ መለካት ያለበት ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ከሥራ መልስ፣ ለሥራ የሚደረገውን ወፍራም ካልሲ አድርጎ ነው። የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ሁለቱንም ጫማዎች አድርጎ ለትልቁ እግር የሚስማማውን መውሰድ ያስፈልጋል። የለመዱት ቁጥር 42 ነው ብሎ ሳይለኩ መግዛት አያዋጣም፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው 42 ጋር ላይስማማ ይችላል፣ የጣት ብረቱ ደግሞ እንደ ተራ ቆዳ ጊዜ ሲሰጡት አይለጠጥም። ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋል» ቢል ይህ ለላይኛው ቆዳ እንጂ ለብረቱ እንደማይሠራ ማወቅ ይገባል።

ሱቅ ውስጥ በመጀመሪያ የውስጥ ሶሉን አውጥቶ መሬት ላይ ማንጠፍና በላዩ መቆም ጥሩ ነው። ጣቶች ከጫፉ ካለፉ ወይም የእግር ጎን ከዳር ወደ ውጭ ከፈሰሰ ያ ጫማ ጠባብ ነው፤ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ሊኖር ይገባል። ቀጥሎ ጫማውን አድርጎ ተረከዝን ወደ ኋላ ገፍቶ ማሰሪያውን ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ማጥበቅና መራመድ ያስፈልጋል። ተረከዙ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ በሳምንት ውስጥ ቆዳ መላጡ አይቀርም። ቁልቁለት ወይም ደረጃ ካለ መውረድ ይጠቅማል፤ ሲወርዱ ጣት ሄዶ ብረቱን ከነካ ቁጥሩ ትንሽ ነው ወይም ማሰሪያው እግሩን አልያዘውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፤ እሱም ቁጢጥ ማለት ነው። ፌሮ የሚያስር፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ወይም ከመኪና ሥር የሚሠራ ሰው የቀኑን ግማሽ የሚያሳልፈው ቁጢጥ ብሎ ወይም በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነው። በዚህ ጊዜ ጫማው ከጣቶች ሥር ይታጠፍና የብረቱ የኋላ ጠርዝ በጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ይጫናል። ቆሞ ሲሄዱበት ምንም የማይል ጫማ እዚህ ላይ እንደ ቢላዋ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ቢሰለችም ሱቁ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቁጢጥ ብሎ መቆየት፣ ክብደትን ወደ ፊት ማዛወርና ጠርዙ የት ላይ እንደሚያርፍ በደንብ ማድመጥ ተገቢ ነው። ጠርዙ የትንሿን ጣት ወይም የአውራ ጣትን መገጣጠሚያ ከነካ ሌላ ቁጥር ወይም ከፊት ሰፋ ያለ ሌላ ሞዴል መሞከር ይበጃል፤ ካልሲ በመቀየር የሚፈታ ችግር አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል አውልቆ መቅላቱን በዓይኑ ማየት አለበት።

ለሴቶች ችግሩ ይብሳል። ብዙ ሱቆች የሚይዙት በወንድ እግር ልክ የተሠራውን ነው፤ ቁጥሩ ቢያንስም ተረከዙ ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ማድረግ እግርን ያሞቃል እንጂ ተረከዝን አይዘውም፤ ከተረከዙ ጠበብ ያለ፣ ለሴቶች ተብሎ የተሠራ ጫማ እንዲመጣ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁም መብት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው ለሠራተኞቹ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ግዥ የሚፈጽሙ ባለሙያዎች 41፣ 42 እና 43ን በካርቶን አዝዘው «ልክህን ፈልግ» ከሚሉ ይልቅ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ቁጥር አስቀድመው ቢመዘግቡ፣ ሙሉውን ከመግዛታቸው በፊትም ከየቁጥሩ አንዳንድ ጥንድ አስመጥተው ቢያስለኩ ለማንም ሸክም አይሆንም።

ዋጋ ከመከፈሉ በፊት ጫማውን ገልብጦ ወይም የውስጥ ምልክቱን አንብቦ የተመረተበትን ወርና ዓመት ማየት ይበጃል። ፖሊዩረቴን የሚባለው ለስላሳና ቀላል ሶል ባይደረግም እንኳ በእርጥበትና በሙቀት እያረጀ ይሄዳል፤ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆየ አዲስ ጫማ ከወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሶሉ እየተፈረፈረ ሊወድቅ ይችላል። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ወይም ዱቄት የሚል ሶል ቅናሽ ቢደረግበትም አይወሰድ። ትኩስ ብረት ወይም ትኩስ አስፋልት ላይ ለሚሠሩ ደግሞ የሚሻለው ሙቀት የሚችል የጎማ ሶል ነው።

አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ፈረቃ ከማድረግ ይልቅ ለጥቂት ቀናት በቤት ውስጥና በግማሽ ቀን ሥራ ማለማመድ ቆዳውን ያላላዋል። ማታ የውስጥ ሶሉን አውጥቶ በጥላ ማናፈስ ይገባል፤ እሳት ዳር ወይም ጠራራ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቀዋል። የሶሉ ጥርስ ከተላገ፣ ብረቱ ከቆዳው ውስጥ ብቅ ካለ ወይም ከባድ ነገር አንድ ጊዜ ከወደቀበት ጫማው መቀየር አለበት፤ ብረቱ ከውጭ ደህና ቢመስልም በውስጥ በኩል ዝቅ ብሎ ጣቶች የሚያርፉበትን ቦታ አጥብቦት ሊሆን ይችላል።