የጨው ማጣሪያው መብራት ሲበላ፣ ውሃውም ጨው ጨው ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ አፋር ወሰን ባለው አካባቢ፣ ጨዋማ ጉድጓድ ላይ አርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በሚባል ስስ ወንፊት አሳልፎ ጨውን የሚያስቀር) ለሚያሠሩ የተጻፈ ነው። አሠራሩ ከባሕር ውሃ ማጣሪያ ጋር አንድ ሲሆን የሚለየው ግፊቱ ነው። በሊትር 35 ግራም ጨው ያለው የባሕር ውሃ ከ55 እስከ 70 ባር (የግፊት መለኪያ) ይፈልጋል፤ 3 ግራም ላለው የጉድጓድ ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ 15 ባር በቂ ነው። ማሽኑ ከዚያ በላይ ካልተገፋ አላመርት ካለ፣ ግፊት ከመጨመርዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ።

ምልክት፦ የመብራት ሂሳቡ ከሚገባው በላይ ነው

ከፓምፑ መውጫና ከሜምብሬኑ መግቢያ ላይ ያሉትን ሁለት ጌጆች ያነጻጽሩ። ፓምፑ 22 ባር እየገፋ ሜምብሬኑ ጋ 15 ብቻ ከደረሰ፣ 7ቱን ባር በከፊል የተዘጋው ቫልቭ እየበላው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ባሩን ለ36፣ ከዚያ ለፓምፑ ብቃት (ለምሳሌ 0.6)፣ ከዚያ ለምርት ድርሻው (ከሚገባው ውሃ ተጣርቶ የሚወጣው፣ ለምሳሌ 0.75) ያካፍሉ። በ15 ባር ለአንድ ሜትር ኩብ የተጣራ ውሃ 0.93 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ22 ባር 1.36። መፍትሄው ቫልቩን ከፍቶ የሞተሩን ፍጥነት በኢንቨርተር መቀነስ ነው። በባሕር ውሃ ላይ ከፍሳሹ (ሳይጣራ ከሚወጣው ጨዋማ ውሃ) ግፊት የሚመልሰው መሣሪያ ትልቅ ቁጠባ ያመጣል፤ በእንዲህ ያለ አነስተኛ ግፊት ግን ዋጋውን እምብዛም አይመልስም።

ምልክት፦ ምርቱ ቀንሷል

መጀመሪያ ቴርሞሜትር ያስገቡ። ውሃው በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ምርቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሌሊት ታንከር ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ላይ ሊያሳስት ይችላል። ሙቀቱ ካልተለወጠ የት እንደተደፈነ ይለዩ። መጀመሪያው ሜምብሬን ላይ ከሆነ ደለል ወይም አተላ ነው፤ ከሜምብሬኑ በፊት ያለውን የ5 ማይክሮን ካርትሪጅ (የደለል ማጣሪያ) ይቀይሩ። መጨረሻው ላይ ከሆነ የጨው ቅርፊት ነው። ከቅርፊቱ ትንሽ ፍቀው አሲድ ጠብ ያድርጉበት። ከተንተከተከ ካርቦኔት ነው፦ 2 ኪሎ ሲትሪክ አሲድ በ100 ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጠው 30 ደቂቃ ያዙሩት፣ 1 ሰዓት ያቆዩት፣ ደግመው ያዙሩና ያጥቡ። ዝም ካለ ሰልፌት ወይም ሲሊካ ሊሆን ስለሚችል ሲትሪክ አሲድ አይፈታውም። የምርት ድርሻውን ይቀንሱ፤ በ75 በመቶ ሲያመርቱ የሚቀረው ውሃ ጨው 4 እጥፍ ይሆናልና። የአንቲስኬላንቱ (ቅርፊት እንዳይሠራ የሚጨመረው ፈሳሽ) ፓምፕ አየር ይዞ ባዶ እየመታ እንዳይሆንም ይመልከቱ።

ምልክት፦ የተጣራው ውሃ ጨው ጨው ይላል

ከእያንዳንዱ የሜምብሬን ቱቦ የሚወጣውን የተጣራ ውሃ በቲዲኤስ (በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው) መለኪያ ለየብቻ ይለኩ። አንዱ ብቻ ከበለጠ አብዛኛውን ጊዜ ኦሪንጉ (ውሃ እንዳይቀላቀል የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ተቆርጧል፤ ሲቀይሩ በግሊሰሪን ያለሰልሱት፣ ቫዝሊን ወይም ግሪስ አይቀቡት። ሁሉም እኩል ከፍ ካለ ክሎሪን ሜምብሬኑን በልቶት ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ የሚጠገን ስላልሆነ ይቀየራል። ክሎሪን የሚጨመረው ከማጣሪያው በኋላ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ፍሳሹ የወረደበት ማሳ ነጭ ለበሰ

በሊትር 12 ግራም ጨው ያለው ፍሳሽ ነው። ወደ ሮቢ ወንዝም አይልቀቁት፦ ሮቢ ወደ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ስለማይደርስ ጨው መውጫ የለውም። ወለሉ በወፍራም ፕላስቲክ የተነጠፈ ማትነኛ ኩሬ ይቆፍሩ። በቀን 5 ሚሊ ሜትር የሚተን ከሆነ፣ በየቀኑ የሚወጣ 10 ሜትር ኩብ ፍሳሽ 2,000 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ያ ሁሉ መሬት ከሌለ የሚያጣሩትን ይቀንሱ፤ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነውን ብቻ ያጣሩ፣ ለእጥበት ጥሬው ውሃ ያገልግል። ያገለገለውን አሲድም በኖራ አለዝበው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 እስከ 8 ሲደርስ ወደ ኩሬው ይጨምሩት።