የቅርፊት ጥንዚዛ ስትለዩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሐዋሳና ወንዶ ገነት ደን የሚማሩ ልጆች በብልቃጥ ይዘውልኝ የሚመጡትን ሳይ፣ ዋናው ስህተት ሁሌ አንድ ነው፦ ነፍሳቱን በተገኘበት ቦታ መመደብ። ከቅርፊት ሥር የወጣ ሁሉ የቅርፊት ጥንዚዛ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ስትልጡ የምታገኙት ወፍራም እጭ የረጅም ቀንዳም ጥንዚዛ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው። በተቃራኒው ቡና ፍሬ ውስጥ ገብቶ የሚራባው ሃይፖተነመስ ሃምፔ ቅርፊት ውስጥ ባይኖርም ከቅርፊት ጥንዚዛዎች ጋር ነው የሚመደበው። ስለዚህ አንቴናውን እዩ። እንደ ክርን የታጠፈና ጫፉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ እብጠት ያለው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ደረቅ እንጨትና እህል የሚቦረቡሩት ቦስትሪኪዴዎች ቅርጻቸው በጣም ቢያሳስትም አንቴናቸው አይታጠፍም፣ የጫፉም ክፍሎች የተላቀቁ ናቸው። ብዙዎቹ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆኑ በባዶ ዓይን አትድከሙ።

«አፍንጫ የለውም፣ ስለዚህ የነቀዝ ዘመድ አይደለም» ማለትም አያዋጣም። ነው እንጂ! አፍንጫው አጥሮ ነው። የቆዩ መጻሕፍት ስኮሊቲዴ ብለው ራሱን የቻለ ቤተሰብ ያደርጉታል፤ ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ የሚጽፈው ስኮሊቲኔ፣ ማለትም የኩርኩሊዮኒዴ (የነቀዞች ቤተሰብ) ንዑስ ቤተሰብ አድርጎ ነው። የድሮውን መጽሐፍ አትጣሉት፣ መለያ ቁልፎቹ አሁንም ይሠራሉ።

«አምብሮሲያ» የሚለውን ቤተሰብ በሚለው መስመር የሚሞሉም አሉ። አምብሮሲያ አኗኗር ነው፦ እንጨት ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ፣ ፈንገስ አልምቶ፣ ያንኑ መብላት። ይህ ኑሮ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ለየብቻ ደጋግሞ የመጣ ነው፤ ፕላቲፖዲኔ የሚባሉት ለምሳሌ ሌላ ንዑስ ቤተሰብ ናቸው።

ቀለምና መጠንማ ጭራሽ አትመኑ። ገና ከሙሽሬነት የወጣው ፈዛዛ ቡናማ ይሆናል፣ ቆይቶ ይጠቁራል። የቡናው ቦርቧሪ ወንዱ ከሴቷ ያንሳል፣ መብረርም አይችልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሁለት ዝርያ ነው ብሎ ቢምል አልፈርድበትም።

ጥንዚዛው የሚቦረቡረው ዋሻ ቅርጽ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። አይፕስ የሚባሉትን የአውሮፓ የቅርፊት ጥንዚዛዎች ብታዩ ታይፖግራፈስ በክንፉ ሽፋን ጫፍ በእያንዳንዱ ጎን 4 እሾህ፣ ሴክስደንታተስ ደግሞ 6 አለው፤ ቁርጡን የሚነግራችሁ እንዲህ ያለው ነው። ቢሆንም ነፍሳቱን ከማውጣታችሁ በፊት ዋሻውን ፎቶ አንሱ። የዛፉን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።