በበር ሥር የምትገባ ደብዳቤ፦ በፈጠራ ሰው ስም መጻፍ እንዴት ይጀመራል?

ብዕር አንስታችሁ ቃል እምቢ ካላችሁ፣ ሰው ፍጠሩና በሱ ስም ጻፉ።

ኋላ ታዋቂ ጸሐፊና ሳይንቲስት የሆነው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን የጀመረው እንዲህ ነው። 16 ዓመቱ ነበር። ቦስተን ውስጥ በወንድሙ በጄምስ ማተሚያ ቤት ሙያ ይማራል። ጄምስ ጋዜጣም ያወጣል። ቤን ግን ጽሑፉን በስሙ ቢሰጥ ወንድሙ እንደማያትምለት ገባው። የእጅ ጽሑፉን ቀየረና ሌሊት ወረቀቱን በማተሚያ ቤቱ በር ሥር አሾለካት። የወንድሙ ወዳጆች አንብበው አደነቁ። «የማን ትሆን?» እያሉ የታወቁ ምሁራንን ስም ሲጠሩ እሱ እዚያው ሆኖ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1722 ሳይለንስ ዱጉድ በምትባል የፈጠራ ሴት ስም 14 ደብዳቤ ወጣለት።

እኔም ሐዋሳ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሞከርኩት። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ጽሑፌን ሁለቴ መልሶብኝ ነበር።

መጀመሪያ አነጋገሩን የምታውቁትን ሰው አስቡ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እየሄድኩ ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት አጠገብ እቀመጥ ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ቅርፊት ክንዳቸው ላይ ይደርቃል። እያወሩ በቢላዋው ጀርባ ይፍቁታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፊት ለፊት ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ቅርፊቱንና ቢላዋውን ወሰድኩ፤ ስሙንና ኑሮውን ግን ከራሴ ፈጠርኩ። ይሄን አደራ! የእውነት ሰው ስምና ገመና አይነካም።

ከዚያ ለፈጠራችሁት ሰው ሕይወት ስጡት። ሳይለንስ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ መርከብ ላይ መወለዷን ትናገራለች። አባቷ በመወለዷ ተደስቶ መርከቡ ወለል ላይ እንደቆመ ማዕበል ጠርጎ ወሰደው። ይህን ያነበበ ሰው ሴትዮዋ መኖሯን አይጠራጠርም።

አንድ የሚያንገበግባት ነገርም ይኑራት። የኔዋ ሴትዮ ልጇ «ደብተሬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል» ብሎ ከሷ ጋር መቀመጥ ትቷል። በሷ ስም የጻፍኳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ስለዚህ ነበሩ።

የእጅ ጽሑፍ መቀየር ብቻውን አይበቃም። አማርኛ አስተማሪ ሰውን በፊደል አጣጣሉ ይለያል። እኔ «ዓሣ» ብዬ ስለምጽፍ እሷ «አሳ» እያለች ጻፈች።

ሲነበብ ደግሞ ከቦታው አትጥፉ። የኔ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ተነበበ። የሳቁበትንም ዝም ያሉበትንም ማታ ደብተሬ ላይ ምልክት አደረግኩ። ከየትኛውም የጽሑፍ ትምህርት በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

መቼ ይነገር? ጄምስ እውነቱን ሲያውቅ ደስ አላለውም፤ ወንድሙ ልቡ እንዳያብጥ ሰግቶ ነበር። እኔ ከአራተኛው ደብዳቤ በኋላ ለክበቡ ኃላፊ ነገርኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ልጇስ? ታረቃት?» አለኝ።