ጅረትን በሆል ሴንሰር እንዴት መለካት ይቻላል? ከዜሮው ይጀምሩ

በሶላር ባትሪ የሚጠቀም ሰው ቮልቴጁን ለማወቅ አይቸገርም፤ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ባትሪው ላይ ማስነካት ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ስንት አምፔር እየገባና ስንት አምፔር እየወጣ እንደሆነ በየሰዓቱ መከታተል ነው። በተለመደው መልቲሜትር ጅረት ለመለካት ሽቦውን አቋርጦ መሣሪያውን መሃል ማስገባት ግድ ይላል፤ ሽቦውን ሳያቋርጥ ከውጭ አቅፎ የሚለካው፣ በትራንስፎርመር የሚሠራው ርካሹ ክላምፕ ሜትር ደግሞ ተለዋዋጩን የቤት መብራት እንጂ የባትሪን ጅረት አያነብም። ለዚህ ሥራ የሚመቸው የሆል ሴንሰር ነው።

መነሻው ረጅም ዕድሜ አለው። በ1879 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ኤድዊን ሆል፣ ጅረት የሚያልፍበትን ስስ የወርቅ ቅጠል በማግኔት መሃል ሲያስቀምጥ በቅጠሉ ግራና ቀኝ ጠርዝ መካከል ጥቂት ቮልቴጅ መፈጠሩን አስተዋለ። ኤሌክትሮን የተገኘው ከዚያ 18 ዓመት ዘግይቶ መሆኑን ስናስብ ግኝቱ ይበልጥ ያስደንቃል። ዛሬ የምናውቀው ምክንያት ቀላል ነው፦ ማግኔቱ የሚጓዙትን ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ ወገን ይገፋቸዋል፤ መግነጢሳዊ መስኩ በበረታ ቁጥር በጠርዞቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ያድጋል። ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ ሁሉ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ስለሚፈጥር፣ መስኩን መለካት ጅረቱን መለካት ማለት ነው።

በገበያ በብዛት የሚገኘው የአሌግሮ ኩባንያ ሥራ የሆነው ኤሲኤስ712 ቺፕ ነው። ጅረቱ በቺፑ ውስጥ ባለች አጭር የመዳብ መንገድ ያልፋል፤ የመንገዷ ተቃውሞ 1.2 ሚሊኦም ያህል ብቻ ነው። የሆል ሴንሰሩ ከመዳቡ ጋር ሳይነካካ መስኩን ብቻ ያነባል። ቺፑ በሦስት ዓይነት ይሠራል፦ ለ5፣ ለ20 እና ለ30 አምፔር። ቦርዶቹ በመልክ ስለሚመሳሰሉ በሻጩ ቃል ብቻ አይመኑ፤ በቺፑ ጀርባ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በብርሃን አጋድለው ሲያዩት ከፊደሎቹ ቀጥሎ 05፣ 20 ወይም 30 የሚል ቁጥር ይነበባል። የ5ቱ ለአንድ አምፔር 185 ሚሊቮልት፣ የ20ው 100፣ የ30ው 66 ሚሊቮልት ይሰጣል።

ለመጀመሪያ ልምምድ ባለ 5 አምፔሩን ቦርድ፣ አርዱይኖ ኡኖ (የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር ቀይሮ በኮምፒውተር የሚያሳይ፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ ቦርድ)፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ፣ መልቲሜትር፣ ካቻቢቴና ለመኪና ፍሬን መብራት የሚያገለግል ባለ 21 ዋት አምፖል ያዘጋጁ። የቤት ውስጥ 220 ቮልትን በዚህ ደረጃ አይንኩት።

በመጀመሪያ የሴንሰሩን ሦስት ትናንሽ እግሮች ያገናኙ፦ የኃይል መግቢያውን ከአርዱይኖው 5 ቮልት፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ፣ መውጫውን ከመጀመሪያው አናሎግ መግቢያ ጋር። አምፖሉን ገና አያገናኙ። አርዱይኖው ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን በ1024 እርከን ስለሚከፍል አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ጅረት በሌለበት ሰዓት የሴንሰሩ መውጫ የመመገቢያው ቮልቴጅ ግማሽ ስለሆነ ንባቡ 512 አካባቢ መሆን አለበት።

“አካባቢ” የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። በየመማሪያው የሚገኘው ስሌት ዜሮው 2.5 ቮልት ነው ብሎ ይነሳል። ነገር ግን ከኮምፒውተር በዩኤስቢ የሚመጣው ኃይል 4.7 ቮልት ብቻ ከሆነ የሴንሰሩ ዜሮ ወደ 2.35 ይወርዳል፤ ለአንድ አምፔር የሚሰጠውም 185 ሳይሆን 174 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል። ደግነቱ አርዱይኖውም የሚለካው በዚያው ባነሰ ቮልቴጅ እየመዘነ ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ። ስለዚህ ንባቡን ወደ ቮልት ሳይቀይሩ በእርከን ማስላት ይሻላል። 500 ጊዜ ያህል አንብበው አማካዩን ይውሰዱ፤ 509 ከሆነ የእርስዎ ዜሮ 509 ነው፣ 512 አይደለም።

እዚሁ ላይ እያሉ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ወደ ቺፑ ቀስ እያሉ ያስጠጉ። ምንም ጅረት ሳይኖር ቁጥሩ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሸሽ ያያሉ፤ ማግኔቱን ሲገለብጡት አቅጣጫውን ይቀይራል። ሴንሰሩ የጅረትዎን መስክ ከባዕድ መስክ አይለይም ማለት ነው። ስለዚህ ቦርዱን ከትራንስፎርመር፣ ከሞተርና ከድምፅ ማጉያ አርቀው ይሰኩት፤ ዜሮውንም የሚያነቡት በቋሚነት በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ጅረቱን ያሳልፉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዙ፣ ከፊውዙ ወደ ሴንሰሩ አንደኛው ብሎን፣ ከሌላኛው ብሎን ወደ አምፖሉ፣ ከዚያ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ይመልሱት። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጥብቀው ሽቦውን ሳብ አድርገው ይፈትሹ፤ የላላ መገጣጠሚያ ይሞቃል። አምፖሉ ሲበራ ንባቡ ወደ 576 ወጣ እንበል። ከ509 ጋር ያለው ልዩነት 67 ነው። ለባለ 5 አምፔሩ በአምራቹ መግለጫ ወረቀት መሠረት የሚወጣው 37.9 እርከን ለአንድ አምፔር ስለሆነ፣ 67 ለ37.9 ሲካፈል 1.77 አምፔር ይሰጣል። ንባቡ ከ509 በታች ከወረደም ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ጅረቱ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄደ ስለሆነ ነው።

አሁን በመልቲሜትር ያመሳክሩ። ቀዩን ገመድ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ሰክተው መሣሪያውን ከአምፖሉ ጋር በመስመሩ ውስጥ ያስገቡ። ሲጨርሱ ገመዱን ወደ ቮልት ቀዳዳ መመለስ አይርሱ፤ በዚያው እንዳለ ባትሪ ላይ ያስነካ ሰው ፊውዝ አቃጥሏል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሲያነቡ መልቲሜትሩ 1.82 ቢልና ልዩነቱ 67 ቢሆን፣ የእርስዎ ሴንሰር ለአንድ አምፔር 36.8 እርከን ይሰጣል። ከወረቀቱ ይልቅ ይህን ይጠቀሙ።

በ3.3 ቮልት የሚሠራ ቦርድ የሚጠቀሙ ከሆነ የሴንሰሩ መውጫ ከዚያ በላይ ሊወጣ ስለሚችል በሁለት ሬዚስተር ማሳነስ ያስፈልጋል፤ ከላይ ያልኩት የመጣፋት ጥቅምም በዚህ ጊዜ አይገኝም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ስንት አምፔር እንደሚወስድ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ አይጠፋም። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ታዲያ ባለ 20ው ይበቃዋል ብሎ መደምደም ያሳስታል። 16 የሚባለው ውጤታማ መጠኑ (ያንኑ ያህል ሙቀት ከሚሰጥ ቀጥተኛ ጅረት ጋር የሚተካከለው) ሲሆን ማዕበሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ 22.6 አምፔር ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 30ው ያስፈልጋል። ንባቡም አማካይ ቢወሰድ ከላይና ከታች ያለው ተጠፋፍቶ ዜሮ ስለሚሰጥ፣ ከእያንዳንዱ ንባብ ዜሮውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን በራሱ አባዝቶ፣ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለትም በ10 ሙሉ ዑደት የተገኘውን አማካይ ወስዶ፣ የዚያን ካሬ ሥር ማውጣት ይገባል። ሆኖም የእነዚህ ቦርዶች ጀርባ ራቁቱን ስለሆነ 220 ቮልት ሲያልፍበት የነካውን ይይዛል። ለምጣድ የምመርጠው ሽቦው ልባሱን እንደለበሰ የሚያልፍበትን የቀለበት ዓይነት የሆል ሴንሰር ነው፤ ግንኙነቱንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል። በቀለበቱ ውስጥ አንዱን ሽቦ ብቻ ያሳልፉ፤ ሁለቱን አብረው ካሳለፏቸው መስኮቻቸው ተጠፋፍተው ንባቡ ዜሮ ይሆናል። በተቃራኒው አንዱን ሽቦ አምስት ጊዜ ቢያዞሩት ንባቡ አምስት እጥፍ ስለሚሆን ጥቃቅን ጅረቶችን ለመለካት ያግዛል።

ወደ ሶላር ባትሪው እንመለስ። ቀን የሚገባውን እየደመሩ ማታ የሚወጣውን እየቀነሱ የባትሪውን ይዞታ በአምፔር ሰዓት መከታተል ይቻላል፤ ግን ዜሮው በአንዲት እርከን ብቻ ቢዛነፍ በ5 አምፔሩ ሴንሰር 0.026 አምፔር ያህል ስህተት ነው፤ በ24 ሰዓት 0.63 አምፔር ሰዓት፣ በአንድ ወር ወደ 19 ይደርሳል። ሙቀት ሲለዋወጥ ዜሮው ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ይህ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ቻርጅ ተቆጣጣሪው ባትሪው ሞልቷል ባለ ቁጥር ድምሩን ወደ ሙሉ ይመልሱት፤ በሳምንት አንድ ቀንም መስመሩን ለአፍታ አቋርጠው ዜሮውን እንደገና ያንብቡ።